የምትወዱትን ሙዚቀኛ መድረክ ላይ ለማየት፦ ከትኬቱ እስከ ማግስቱ

ለዓመታት በጆሮ ማዳመጫ ስሰማት የኖርኳትን ድምፃዊት ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ያየኋት ከፊተኛው አጥር ሥር ቆሜ ነው። ቦታውን ያገኘሁት ለአምስት ሰዓታት ተሰልፌ ነው። ፊቷን አየሁ። የጫማዋን ማሰሪያ ሳይቀር አየሁ። ድምፅዋን ግን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። ደረቴን የሚመታው ቤዝና ከበሮ ብቻ ነበር። ግጥሙን በቃሌ ባላውቀው ኖሮ ምን እያለች እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

በሁለተኛው ኮንሰርቷ ወደ ኋላ ሄድኩ። የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን፣ ማለትም የድምፅ ማመጣጠኛውን መሣሪያ፣ ይዞ ከሚቀመጥበት ቦታ አጠገብ ቆምኩ። ያን ቀን ከዘፈኑ በፊት የምትስበው አየር እንኳ ደረሰኝ። አለቀስኩ።

በሁለቱ ምሽቶች መካከል ያለው ልዩነት የዕድል ጉዳይ አይደለም። መዘጋጀት ነው። ለዓመታት የጠበቃችሁት ሰው በመጨረሻ በአካል ሊዘፍንላችሁ ከሆነ፣ የሚሆነውን ሁሉ በደንብ እንድትሰሙት እፈልጋለሁ። ቅደም ተከተሉ እነሆ።

1. ትኬቱን ቀድማችሁ አስቡበት

መነሻችሁ የሙዚቀኛው የራሱ ገጽ ይሁን። እዚያ የተለጠፈውን ማስፈንጠሪያ ተከተሉ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣው ገጽ ብዙ ጊዜ ለማስታወቂያ የከፈለ ቸርቻሪ ነው። ትኬቱ በእጁ ሳይገባ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጥም አለ። የሙዚቀኛው ገጽ ላይ ኢሜይላችሁን አስመዝግቡ። ብዙዎቹ ለተመዘገቡ አድናቂዎች ከሌላው ሕዝብ ቀድመው ይሸጣሉ።

አካውንታችሁን ከሽያጩ ቀን በፊት ክፈቱ። የይለፍ ቃሉን ሞክሩት፤ የክፍያ ካርዱንም አስገቡ። ሽያጩ የሚጀምርበት ሰዓት በየትኛው አገር ሰዓት እንደተጻፈ አረጋግጡ።

ትልልቅ ኮንሰርቶች ላይ ድረ ገጹ ራሱ ሰልፍ ያስይዛል። በብዙዎቹ ዘንድ ሽያጩ ሳይከፈት የገባው ሰው ሁሉ ተራው የሚወጣለት በዕጣ ነው። ስለዚህ ከሌሊት ጀምሮ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ትርፉ ድካም ነው። ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ግቡ። ከገባችሁ በኋላ ገጹን ሪፍሬሽ አታድርጉት፤ ተራችሁ ሊጠፋ ይችላል።

ስንት ትኬት፣ የትኛው ክፍል፣ እስከ ስንት እንደምትከፍሉ ወስናችሁ ግቡ። ለመምረጥ የሚሰጣችሁ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ዋጋው ደግሞ ፈላጊ በበዛ ቁጥር የሚጨምርበት አሠራር አለ። በዚያ ጥድፊያ መሃል ልብ አያስችልም። ጣሪያችሁን ቀድማችሁ ካልቆረጣችሁ የማትችሉትን ትከፍላላችሁ።

አልቋል ከተባላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አዘጋጆች መድረኩና ስፒከሩ የት እንደሚተከል እስኪታወቅ ድረስ የሚይዟቸው ወንበሮች አሉ። መድረኩ ከተተከለ በኋላ ከእነዚህ የተወሰኑት ይለቀቃሉ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት፣ በዕለቱ ጠዋት ጭምር፣ ዋናውን የሽያጭ ገጽ ደጋግማችሁ እዩ።

ከግለሰብ ስትገዙ ስክሪንሾት አትቀበሉ። አንድ ባርኮድ ለሃያ ሰው ሊሸጥ ይችላል። በር ላይ የሚገባው መጀመሪያ ያስነበበው ነው። አንዳንድ ትኬቶች ላይማ ባርኮዱ በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚቀያየር ስክሪንሾቱ ጭራሽ አይሠራም። ሻጩ በዋናው መተግበሪያ በኩል ወደ እናንተ አካውንት ያስተላልፈው። እናንተም ትኬት አገኘሁ ብላችሁ ፎቶውን ስትለጥፉ ባርኮዱን ሸፍኑት። ደስታችሁን የሚያይ ሁሉ ወዳጅ አይደለም።

2. ለጆሯችሁ የሚሆን ቦታ ምረጡ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዋናዎቹ ስፒከሮች በመድረኩ ግራና ቀኝ ከፍ ብለው ይሰቀላሉ። ድምፃቸው የሚወርደው ከፊተኛው ረድፍ አልፎ ወደ መሃልና ወደ ኋላ ነው። የቤዝ ስፒከሮቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ፣ መድረኩ ሥር ይደረደራሉ። ስለዚህ አጥሩ ሥር የቆመ ሰው ቤዙን በገፍ ያገኛል፤ የዘፋኙ ድምፅ ግን በጭንቅላቱ ላይ ያልፋል። በደንብ በተሠራ ኮንሰርት ላይ ለፊተኞቹ ተብለው መድረኩ ጠርዝ ላይ የሚቀመጡ ትናንሽ ስፒከሮች አሉ። ሁልጊዜ ግን አይኖሩም።

የድምፅ ባለሙያው የሚሠራው ሕዝቡ መሃል፣ ከመድረኩ ትይዩ ነው። ሁሉንም ነገር የሚያመጣጥነው እሱ በሚሰማው ልክ ነው። ከእሱ ፊት ለፊት፣ ከጎኑ ወይም ከኋላው ብትቆሙ እሱ የሚሰማውን ትሰማላችሁ። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ ባንድ አድናቂዎቹ ኮንሰርቱን እንዲቀዱ ይፈቅድ ነበር። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቀጂዎቹ የተለየ ክፍል ሰጣቸው። ክፍሉ የነበረው ከድምፅ ባለሙያው ቦታ በስተኋላ ነው።

ርቀትም የራሱ ጣጣ አለው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል። 100 ሜትር ርቃችሁ ከቆማችሁ ከመድረኩ የተነሳው ድምፅ የሚደርሳችሁ ከሰከንድ ሩብ በላይ ዘግይቶ ነው። ከበሮ መቺው እጁን አውርዶ ሲያበቃ ምቱ ገና መንገድ ላይ ነው። ትልልቅ ሜዳዎች ላይ ለኋለኞቹ ተብለው መሃል ላይ የሚተከሉ ተጨማሪ የስፒከር ማማዎች አሉ። ሩቅ ከሆናችሁ ከማማው ትንሽ ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ በእሱ ትይዩ ቁሙ፤ ድምፁ ይጠራል።

አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ከሰገነት ሥር ያሉትን የመጨረሻ ረድፎች ተዉአቸው። ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ድምፁ ይታፈናል። ከኋላ ግድግዳ ጋር መለጠፍም ቤዙን ያጎላዋል፤ ቃላቱን ያደበዝዛል። ከመድረኩ ጎን ያሉ ወንበሮች ቅርብ ስለሆኑ ያጓጓሉ፤ የምትሰሙት ግን አንዱን ወገን ብቻ ነው። ትኬቱ ላይ እይታው የተከለለ መሆኑ ከተጻፈ እመኑት፤ ፊት ለፊታችሁ ምሰሶ ወይም የስፒከር ክምር አለ ማለት ነው።

ቁመታችሁ አጠር ካለ ሜዳው መሃል ከመቆም ከፍ ያለው ወንበር የመጀመሪያ ረድፍ ይሻላችኋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰው ጀርባ ማየት ያሳዝናል። አጥሩ ሥር ካልቆምኩ የሚል ሰውም አይፈረድበትም። ዓይን ለዓይን መገናኘት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም አልረሳውም። ብቻ ምን አግኝታችሁ ምን እንደምታጡ አውቃችሁ ምረጡ።

3. የጆሮ መሰኪያ ግዙ

ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። በተለምዶ የኮንሰርት ድምፅ 100 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ በሙዚቃ ማሳያ ቦታዎች አማካይ ድምፁ 100 ዴሲቤልን እንዳያልፍ ይመክራል። የአሜሪካ የሥራ ጤንነት ተቋም ሠራተኛ በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ለ8 ሰዓት መቆየት ይችላል ይላል። ከዚያ በኋላ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ኮንሰርቱ ግን ሁለት ሰዓት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። የምትወዱትን ድምፅ ዕድሜ ልካችሁን መስማት ከፈለጋችሁ ይህን ነገር አትለፉት።

የስፖንጅ መሰኪያ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ቀጫጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ይውጠዋል። ሙዚቃው ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይሆናል። ለሙዚቀኞች ተብሎ የተሠራው ማጣሪያ ያለው መሰኪያ ሁሉንም በእኩል ዝቅ ያደርጋል። 15 ዴሲቤል የሚቀንስ ብትገዙ 100 የነበረው ወደ 85 ይወርዳል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ግጥሙ ከበፊቱ የበለጠ ይለያል፤ ጆሮ ሲጨናነቅ የሚሰማው ነገር ስለሚደባለቅበት ነው።

የስፖንጁን ከተጠቀማችሁ በጣት አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ አቅጥኑት። በሌላኛው እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ። አስገቡት፤ እስኪነፋ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣታችሁ ያዙት። በትክክል ከገባ የራሳችሁ ድምፅ ታፍኖ ይሰማችኋል። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጆሮውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከላከያ አድርጉለት።

4. ሳምንታት ሲቀሩት ዘፈኖቹን አጥኑ

አብዛኛው የኮንሰርት ጉዞ የሚዘጋጀው ለአዲስ አልበም ነው። ከልጅነታችሁ የምታውቁትን ዘፈን ብቻ ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ግማሹ ምሽት ባዕድ ይሆንባችኋል። አዲሱን አልበም ከዳር እስከ ዳር፣ በቅደም ተከተሉ፣ ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ስሙት። ከዚያ በመድረክ ላይ የተቀዱ ሥራዎቹን ፈልጉ። ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ደቂቃ የሆነው ዘፈን መድረክ ላይ ስምንት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። የት ላይ እንደሚዘረጋ፣ የት ላይ ለሕዝቡ እንደሚተወው ታውቃላችሁ።

በዚሁ ጉዞ ቀድሞ በሌላ ከተማ የዘፈናቸው ዘፈኖች ዝርዝር በቀላሉ ይገኛል። ማየት አለማየት የእናንተ ነው። እኔ አላይም። የመጀመሪያው ኖታ ሲሰማ «ይሄ ነው!» ብዬ የምዘልባትን ሰከንድ በምንም አልለውጣትም። ሽንት ቤት የምሄድበትን ሰዓት ማወቅ አለብኝ የሚል ግን ቢያየው አይከፋም።

ቀድሞ የሚያሟሙቀውን ሙዚቀኛም ሁለት ሦስት ዘፈን ስሙለት። ብዙ ጊዜ የመረጠው ዋናው ሙዚቀኛ ራሱ ነው። በኋላ ልባችሁን የሚወስደው ይህ ሰው ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ግን አትስሙት። ጆሯችሁ ይራብ።

5. በዕለቱ

ቀን በደንብ ብሉ፤ ውኃ ጠጡ። የለመዳችሁትን፣ ጣት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ። አዲስ ጫማ ለኮንሰርት ቀን አይሆንም። የሚፈቀደውን የቦርሳ መጠን አዘጋጁ ካወጣው ደንብ ላይ እዩ። ብዙ ቦታ ትልቅ ቦርሳ፣ ጠርሙስና ተንቀሳቃሽ ሌንስ ያለው ካሜራ በር ላይ ይመለሳል።

ትኬቱን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። አሥር ሺህ ሰው አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ኔትወርክ ይጨናነቃል፤ በር ላይ ደርሶ ትኬቱ አልከፈት ማለቱ የተለመደ ነው። ስልካችሁን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ ትንሽ ፓወር ባንክ ያዙ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ገና ስትገቡ ተነጋገሩ። «በሩ ጋ» አትበሉ፤ በሮቹ ብዙ ናቸው። ቁጥር ወይም ምልክት ያለው ቦታ ይሁን። ወደ ቤት የምትመለሱበትን መንገድም አሁኑኑ ወስኑ። ሕዝቡ ሁሉ በአንዴ ሲወጣ መኪና ማግኘት ፈተና ነው።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በሩ የሚከፈትበት ይሁን ሙዚቃው የሚጀምርበት ለዩ። በሁለቱ መካከል አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል።

6. ሕዝቡ መሃል ስትሆኑ

ገና ስትገቡ መውጫዎቹን በዓይናችሁ ፈልጉ። ከገባችሁበት በር ሌላ ቢያንስ አንድ እወቁ።

መጨናነቅ ይገድላል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2021 ሂውስተን ውስጥ በተካሄደው አስትሮወርልድ ፌስቲቫል 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ምክንያቱ ደረታቸው ተጨፍልቆ መተንፈስ አለመቻላቸው ነው። በእንዲህ ያለ አደጋ ሰው ቆሞ እያለ ሊታፈን ይችላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስት ሰው በላይ ሲቆም ሕዝቡ እንደ ውኃ መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። ምልክቱን ለማወቅ መቁጠር አያስፈልግም። በሁለቱም ትከሻችሁ ሰው ከተጫናችሁና እጃችሁን ወደ ፊታችሁ ማንሳት ካቃታችሁ ጊዜው ደርሷል። የምትወዱት ዘፈን እየተዘፈነም ቢሆን ውጡ።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ሁለቱን እጆቻችሁን እንደ ቦክሰኛ ደረታችሁ ፊት አድርጉ፤ ሳንባችሁ የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋል። እግራችሁን ፊትና ኋላ አድርጋችሁ ቁሙ። ሕዝቡ ሲገፋ አትታገሉት፤ አብራችሁት ሂዱ። ግፊቱ ጋብ ሲል በሰያፍ ወደ ዳር ጥቂት እርምጃ ውጡ። እንደገና ሲገፋ ጠብቁ፤ ጋብ ሲል ቀጥሉ። ስልክ ቢወድቅ አትጎንበሱ። አትጩኹ፤ ትንፋሽ ቆጥቡ። አጠገባችሁ የወደቀ ሰው ካለ ግን አሁኑኑ አንሱት፤ ካልቻላችሁ በዙሪያው ያሉትን ቦታ አስለቅቁና ጥበቃ ጥሩ።

7. ስልኩን ከኪስ የምታወጡበትን ዘፈን ምረጡ

አንድ ዘፈን። የእኔ ደንብ ይህ ነው። ከመሄዴ በፊት እመርጠዋለሁ፣ ያን እቀርፃለሁ፣ ከዚያ ስልኩ ወደ ኪስ ይመለሳል።

ሊንዳ ሄንኬል የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት አለ። ሙዚየም የጎበኙ ሰዎች ፎቶ ያነሱትን ዕቃ ዝም ብለው ካዩት ባነሰ አስታውሰውታል። አንድ ለየት ያለ ውጤት ግን አለው፤ ሌንሱን አስጠግተው የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ ያነሱት ሰዎች ትዝታቸው አልተጎዳም። እኔ የተማርኩት ይህን ነው፦ ሁሉን ለመያዝ ከመሯሯጥ አንድ ነገር መርጦ በትኩረት ማየት።

ስትቀርፁ ስክሪኑ ላይ የዘፋኙን ፊት ንኩና ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት፤ አለበለዚያ የመድረኩ መብራት ፊቱን ያነጣዋል። ፍላሽ አጥፉ፤ እስከ መድረኩ አይደርስም፣ ሰው ብቻ ይረብሻል። ዙም አታብዙ። ስልኩን ከአገጫችሁ ከፍ አታድርጉት፤ ከኋላችሁም ለዓመታት የጠበቀ ሰው አለ። ስልክ አይፈቀድም ከተባለ አክብሩ።

8. አዳምጡ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዘፈኖች የድምፅ ባለሙያው ገና እያስተካከለ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የሞከረው ድምፅ ሰው ሲሞላ ይለወጣል። ስለዚህ ጅምሩ ላይ ቅር ካላችሁ ታገሡ፤ በአራተኛው ዘፈን ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ቦታ ቀይሩ። አሥር እርምጃ ብቻ ብዙ ይለውጣል።

አንዱን ዘፈን ለቤዝ ጊታሪስቱ ብቻ ስጡት። ሌላውን ለከበሮ መቺው። ሙዚቀኞቹ በዓይን እንዴት እንደሚነጋገሩ እዩ። ዘፋኙ በትከሻው ወይም በእጁ ምልክት ሲሰጥ ባንዱ በአንዴ ያቆማል። ይህን አልበሙ አያሳያችሁም።

አብራችሁ ዝፈኑ፤ ለዚያም ነው የመጣችሁት። ቀስ ያለው ዘፈን ሲመጣ ግን ዝም በሉ። ቢትልሶች የተባሉት የእንግሊዝ ባንድ አባላት እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1965 ኒውዮርክ በሚገኘው ሺ ስታዲየም ከ55,000 በላይ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የአድናቂዎቹ ጩኸት ሙዚቃውን ዋጠው። እርስ በርስ እንኳ መሰማማት አልቻሉም። በዓመቱ፣ በኦገስት 29 ቀን 1966 ትኬት የተሸጠበትን የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን አሳይተው ለኮንሰርት መዞር አቆሙ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው መሰማት አለመቻል ነበር። እልፍ ሰው በአንድነት ዝም ብሎ አንድ ድምፅ ሲያደምጥ ያለውን ስሜት አንዴ ከቀመሳችሁት አትረሱትም።

9. ፊት ለፊት ብታገኙት

ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የትኛው ዘፈን፣ በሕይወታችሁ በየትኛው ጊዜ ላይ እንደደረሰላችሁ። «በጣም ነው የምወድህ» የሚለውን በቀን መቶ ጊዜ ይሰማል። «አባቴ የታመመ ጊዜ ሦስተኛውን ዘፈን እየሰማሁ ነበር የማድረው» የሚለውን ግን ያስታውሰዋል። ረጅም ነገር ካላችሁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ፎቶ ከመጠየቃችሁ በፊት ሰላም በሉት። እስከ ማረፊያው አትከተሉት።

10. ካለቀ በኋላ

ለመውጣት አትጋፉ። መብራት ሲበራ ሩብ ሰዓት ቁጭ በሉ። መድረኩ ላይ የተለጠፈውን የዘፈኖች ዝርዝር ወረቀት ሠራተኞቹ ሲያነሱ በትህትና ብትጠይቋቸው ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እኔ አንድ አለኝ፤ ጠርዙ ላይ የማጣበቂያው ቅሪት አለ።

ጆሯችሁ ቢጮህ በማግስቱ ጸጥ ያለ ቦታ አሳርፉት፤ የጆሮ ማዳመጫ አታድርጉ። ከሁለት ቀን በላይ ከቀጠለ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከመተኛታችሁ በፊት፣ የቱንም ያህል ቢደክማችሁ፣ ጻፉ። ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል፣ መሃል ላይ የተናገረውን፣ አጠገባችሁ ማን እንደነበረ። በከፍተኛ ደስታ ውስጥ ያለፈ ምሽት ቶሎ ይደበዝዛል፤ ጠዋት ላይ ግማሹን ታጡታላችሁ። በማግስቱ ባዶነት ቢሰማችሁ አትደንግጡ። ወራት የጠበቃችሁት ነገር በአንድ ሌሊት አልቋል። ብዙ አድናቂዎች ይሰማቸዋል፤ በቀናት ውስጥ ያልፋል።

ሦስት ቀን ቆይታችሁ አልበሙን ክፈቱ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፦ ከአራተኛው ዘፈን በፊት ያ የሳበችው አየር ቅጂው ላይም ነበረ። ለዓመታት ሰምቼው አላውቅም ነበር።